አንገታቸውን የደፉ ጠርሙሶች

ኢንስፔክተሩ ገና ልጅ ሳለ፣ በመጋረጃ በተከፈለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተኝቶ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እናቱና አክስቱ የሚያወሩትን ሰምቶ ነበር። አክስቱ ታለቅሳለች። ከእናቷ የወረሰችውን የእርሾ ማሰሮ አንድ ሰው አጥቦባት ኖሯል፤ እርሾውን ደፍቶ፣ ማሰሮውን ፈትጎ፣ እንደ አዲስ አሳምሮ። «ሆን ብለው ነው የገደሉብኝ» ትላለች። «ድሮም በክፉ ዓይን ነው የሚያዩኝ።» እናቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ተይ እንጂ እቴ። ክፉ ሰውማ…» ብላ ጀመረች። ክፉ ሰው ምን እንደሚያደርግ ወይም ምን እንደማያደርግ ሳይሰማ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። በማግስቱ ሊጠይቅ አሰበ፤ ልጅ ነውና ረሳው። ኋላም እናቱና አክስቱ ተከታትለው አለፉ፣ የሚጠየቅ ሰው ጠፋ።

ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ኪሱ ውስጥ እንደቀረ አሮጌ ቁልፍ ይዞት ይዞራል። በሩ የት እንዳለ አያውቅም፤ መጣሉም አያስችለውም።

ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ የጭማቂ ፋብሪካው ጓሮ ሲደርሱ፣ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ የበረኪና ሽታ ተቀበላቸው።

«ፋብሪካ ነው ሆስፒታል?» አለች ሳጅኗ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ሸፍና። አብራው ስትሠራ ዓመታት ቆጥራለች። አፏ ምላጭ ነው፣ እግሯ ፈጣን፤ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ላይ ቶሎ መድረስ ትወዳለች። እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ማዳመጥ ስለሚያበዛ፣ ጣቢያው ውስጥ ስሙ ቀርቶ «ጆሮ» ሆኗል። ፊት ለፊት የሚጠራው ግን የለም።

የሆነው እንዲህ ነው። ማለዳ ለፈረቃ የገቡ ሴቶች የሌሊት ዘበኛውን ከፓምፕ ቤቱ ደጃፍ ላይ በደረታቸው ተደፍተው አገኟቸው። ግንባራቸው ተፈንክቷል፤ ትንፋሽ አላቸው፣ ራሳቸውን ግን አያውቁም። አምቡላንስ ይዟቸው ሄደ። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ፊሽካ» የሚላቸው አዛውንት ናቸው፤ ከአንገታቸው ላይ ፊሽካ ተለይቷቸው አያውቅም።

ከፓምፕ ቤቱ በታች ረጃጅም የሲሚንቶ ገንዳዎች እንደ ደረጃ አንዱ ከሌላው ዝቅ እያለ እስከ ወንዙ ይወርዳሉ። በየገንዳው ውስጥ ገለባና ሰጋቱራ የታጨቀባቸው ከረጢቶች ተደርድረዋል። ከከረጢቶቹ አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ እጅጌዋን ጠቅልላለች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«የዚህ ሥራ ኃላፊ ነኝ» አለች ሳትነሳ። «ሠራተኛው እትዬ ሻጋታ ይለኛል። ቅር አይለኝም፤ እውነታቸውን ነው።»

ኢንስፔክተሩ አጠገቧ ቁጭ አለ። «ሻጋታው ምን ይሠራል?»

«ብርቱካኑ ታጥቦ ሲጨመቅ የሚወጣው ውኃ ቡናማና ኮምጣጣ ነው። እንዳለ ወንዝ ከገባ ዓሣውን አየር ያሳጣዋል፣ የታች ሰፈሩን አትክልት ያቃጥላል። እኛ እነዚህ ከረጢቶች ውስጥ እንጉዳይ ዘርተናል። ላይ የሚወጣውን ጃንጥላ አይደለም የምልዎት፤ ገለባውን ውስጥ ለውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የሚያስተሳስረውን ነጭ ክር ነው። ውኃው በዚያ ክር መሐል እየተንቆረቆረ ሲያልፍ ክሩ ቆሻሻውን ይበላዋል። የመጨረሻው ገንዳ ላይ ሲደርስ የሚያሳፍር ውኃ አይደለም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ቀባሪ ነኝ።» አንድ ከረጢት ከፍታ አሳየችው። ገለባው ነጥቷል፤ እንደ ተቀቀለ ጨርቅ ልሟል፤ ሲነኩት ይበታተናል። «በረኪና ነው። አንድ ከረጢት እንኳ አልተረፈም።»

«ዘር አላስቀሩም?»

«እሱንም አልማሩልኝም። ፓምፕ ቤት መደርደሪያ ላይ በጠርሙስ ነበር የማስቀምጠው። ሌላ ዘር ከሩቅ ነው የሚመጣው። መጥቶ ክሩ እስኪይዝ የብርቱካኑ ወቅት ያልፋል። እስከዚያ ፋብሪካው ወይ ይዘጋል ወይ ውኃውን እንዳለ ይለቀዋል። ሁለቱም ለሰው እንጀራ ደግ አይደለም።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ፓምፕ ቤቱ ወረደ። ቤቱ ከመሬት ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ እፍኝ የምታክል፣ በጎኑ ቡናማው ውኃ የሚያልፍበት ቦይ ያለው ነው። የቦዩ የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። የውኃው ጎማ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መጥረጊያው ታጥቦ ፀጉሩን ወደ ላይ አድርጎ ቆሟል። ባዶ የበረኪና ጀሪካኖች ክዳናቸው ተገጥሞ በር ሥር በሰልፍ ቆመዋል። የዘር ጠርሙሶቹም አሉ፤ ባዷቸውን፣ ጥርት ብለው ታጥበው፣ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አንገታቸውን ወደ ታች ደፍተው፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ተደግፎ።

«ማስረጃ አጥፍቶ ነው የሄደው» አለች ሳጅኗ። «አሻራ እንኳ አልተወልንም። ሽማግሌውን ፈነከተ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ወሰደ፣ በረኪናውን አወጣ።»

«ቁልፉ የት ነው ያለው?»

«ከሽማግሌው ቀበቶ ላይ።»

«መለሰላቸው ማለት ነው?»

ሳጅኗ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ጨዋ ወንጀለኛ ነው።»

«ፊሽካውስ?»

«ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ፣ የኪሱ አዝራር ተቆልፎበት። ለመንፋት ጊዜ አላገኙም።»

ኢንስፔክተሩ ጠርሙሶቹን እያየ ጥቂት ቆየ። የእናቱ ድምፅ፣ «ክፉ ሰውማ…» ብሎ በጆሮው አለፈ። ለምን እንደመጣበት አላወቀም። ሳጅኗን አስከትሎ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አመራ።

ሥራ አስኪያጁ ከጠዋቱ ላብ አጥምቆታል። ወንበር እየሳበ ቢጋብዛቸውም ራሱ መቀመጥ አልቻለም።

«በዛሬው ቀን መሆኑ» አለ። «የጥራት ፈታኞች ሊመጡብን ነበር። ትናንት አመሻሽ በድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም ክፍሉን አጽድቶ ይጠብቅ፣ አንዲት ነጠብጣብ ሻጋታ የተገኘበት በኔ አይፍረድ ብዬ ለሁሉም አስነግሬ ነበር። አሁን ስልክ ደውዬ መለስኳቸው።»

«ጋሼ ፊሽካ ሁልጊዜ ጓሮውን ነው የሚጠብቁት?»

«ኧረ እሳቸው የዋናው በር ናቸው። የጓሮው ዘበኛ ሚስቱን ምጥ ያዛትና ሄደ፤ ለአንድ ሌሊት ብዬ ተካኋቸው። ምነው እጄን በሰበረው።»

«ማንን ትጠረጥራለህ?» አለች ሳጅኗ።

ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘጋ። «አማቻቸውን ነዋ። የልጃቸውን ባል። ታች ወንዙ ዳር አትክልት ያለማል። እንጉዳዩ ሳይመጣ በፊት ውኃችን ሰላጣውን አቃጥሎበታል፤ አልክድም። ከዚያ ጀምሮ ከኛ፣ ኋላም ከአማቱ ተቆራርጧል። ባለፈው በር ላይ ቆሞ፣ ሰፈር ተሰብስቦ፣ ‹የዚህ ፋብሪካ ነገር ደጄን አይረግጥም፤ ሻጋታችሁንም አንድ ቀን አስበላችኋለሁ› ብሎ ምሏል። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

ሳጅኗ ከወንበሯ ተነስታ ነበር። ኢንስፔክተሩ ግን፣ «ሌላስ?» አለ።

ሌላም ነበር። ለፋብሪካው የውኃ ማጣሪያ ኬሚካል ያቀርብ የነበረ ነጋዴ፣ እንጉዳዩ ከመጣ ወዲህ ገበያው ቀርቶበታል። ሳጅኗ ስልክ ስታነሳ ፊቷ በርቶ ነበር፤ ስትዘጋው ጠቁሯል።

«ነጋዴው ያደረው የት ይመስልዎታል?»

«የት?»

«እኛው ጣቢያ። ትናንት መኪናውን ከሰው አጥር ጋር አላትሞ፣ እስኪነጋ ተረኛው ፊት ነው የተቀመጠው። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?»

«ፈጣሪ አንዳንዴ ሥራ ያቀልልናል» አለ ኢንስፔክተሩ።

አትክልተኛው ጣቢያ ሲቀርብ ወንበሩ ጠበበው። ትከሻው የበር ያህል ነው፤ ዓይኑ ግን ከጠረጴዛው አይነሳም። የጎማ ቦቲው ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ ካለው ቀዳዳ አጥር ሥር ከተገኘው ዱካ ጋር ልክ ገጠመ። በቦቲው ስንጥቅ ውስጥ ገለባ ተሰክቷል።

«ትናንት ሲመሻሽ የት ነበርክ?» አለች ሳጅኗ።

«ቤቴ።»

«ሚስትህ አልነበረም ብላለች።»

«እንግዲያው እዚያው አካባቢ።»

«አጥሩን ሾልከህ ፋብሪካው ግቢ ገብተሃል?»

አትክልተኛው ቦቲውን ወንበሩ ሥር ሳበ።

«አማትህን መትተሃል?»

ይኼኔ ቀና አለ። «እሳቸውን? ተኳርፈናል እንጂ…» ድምፁ ወረደ። «እንዴት ናቸው?»

«ገና አልነቁም። ካልነቁ ነገሩ ሌላ ነው። ግቢው ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?»

«አልናገርም።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለህ ነው? እስር ቤት ግን ይገባል።»

«ይግባ» አለ። ሁለት እጁንም ለካቴና ዘረጋ። ሳጅኗ የእስረኛ ክፍሉን ዘግታ ስትመለስ እጇን አራገፈች። «አለቀ። ዛቻ አለ፣ ዱካ አለ፣ ውሸት አለ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?»

«አማቱን ሲጠይቅ ድምፁን ሰማሽው?»

«እኔ ቦቲውን ነው ያየሁት።»

«እኔ ደግሞ ያን ሰማሁ» አለ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የዘበኛው ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጇን ጭኖቿ መሐል ቀብራለች። ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ ሐኪሙን አነጋገረ።

«የግንባራቸው ቁስል የሚያሰጋ አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ወድቀው ጠርዝ የመታቸው ይመስላል፤ በዱላ ቢሆን ሌላ ቅርጽ ይኖረው ነበር። ያሳሰበኝ ሳንባቸው ነው። ጉሮሯቸው ተቃጥሏል፣ ዓይናቸው አብጧል። አየር የከለከላቸው ነገር አለ።»

«ይተርፋሉ?»

«ሲመጡ ከነበሩበት ይሻላሉ። ከዚህ በላይ አላውቅም።»

ኢንስፔክተሩ ሴትየዋ አጠገብ ተቀመጠ። ቶሎ አልጠየቃትም። ዝም ሲሉት ሰው ራሱ እንደሚጀምር ያውቃል።

«አባቴ ከሞተ ባሌ ነው የገደለው ይሉኛል» አለች በመጨረሻ። «ባሌን ካሰራችሁት ልጆቼ የአያታቸው ገዳይ ልጆች ይባላሉ። ከሁለት አንዱን መርጬ ልጸልይ እንዳልችል አደረጉኝ።»

«ለሁለቱም ጸልዪ፤ አይከለከልም።» ትንሽ ቆይቶ፣ «ትናንት ሲመሻሽ የት እንደሄደ ታውቂያለሽ?»

«ወጥቶ ነው የሚመጣው፤ ስንት ጊዜው ነው። ሲመለስ በኋላ በር ይገባና የጓዳውን ክፍል ይቆልፋል። ቁልፉን አንገቱ ላይ ነው የሚያስረው። ሴት ይሆን ብዬ ጠርጥሬ ነበር።» ከእንባዋ መሐል ፈገግ አለች። «ኋላ ግን፣ ጓዳ ተቆልፎባት ዝም የምትል ሴት የት አለች ብዬ ተውኩት።»

ኢንስፔክተሩ ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

«ክፍሉን ትከፍችልናለሽ?»

«ቁልፉ እናንተ ዘንድ ነው፤ አንገቱ ላይ። በሩም የኔ ቤት በር ነው። ሂዱና ክፈቱት፤ እኔም እወቀው።»

የጓዳው በር ሲከፈት እርጥብ የጫካ ሽታ ወጣ። ሳጅኗ የእጅ ባትሪዋን አበራች። ከጣሪያው ላይ ከረጢቶች በገመድ ተንጠልጥለዋል። ገለባቸው ከዳር እስከ ዳር በነጭ ክር ተያይዟል። ከየከረጢቱ ጎን ወፍራም ግራጫ እንጉዳዮች፣ ጆሮ ጆሮ የመሰሉ፣ ተደራርበው ወጥተዋል።

ሳጅኗ ጥቂት ቆማ አየች። ከዚያ ድምፅዋን አለሳልሳ፣ «ኢንስፔክተር፣ ዘመዶችዎ ናቸው» አለች።

«ሰላም በያቸው» አለ እሱ።

የፋብሪካው ከረጢቶች መሆናቸውን ከጎናቸው ያለው ማኅተም ይናገራል። ያረጁት ናቸው፤ እትዬ ሻጋታ አቅማቸው ሲደክም ከአጥሩ አጠገብ ካለው የጥራጊ ጉድጓድ የምታስጥላቸው። አንድ ሰው ለቅሞ፣ አዲስ ገለባ ጨምሮ፣ ውኃ እየረጨ፣ ነፍስ ዘርቶባቸዋል።

ጣቢያ ሲመለሱ ኢንስፔክተሩ የያዘውን መዳፍ ሙሉ እንጉዳይ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አትክልተኛው አየውና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ሚስቴ አየች?»

«አሁን ታያለች።»

«ሰፈሩስ?»

«እስቲ ንገረኝ» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ምን እነግርዎታለሁ? ጥራጊ ሌባ ነኝ። መጀመሪያ የወሰድኩት ተንኮል አስቤ ነው፤ መርዝ መሆኑን አስመርምሬ ላዋርዳቸው። አንድ ከረጢት ሰላጣው ጥግ ጣልኩት። ከዚያ አጠገብ ያለው ሰላጣ ከሁሉም በልጦ ወጣ። ከረጢቱም ይህን አበቀለ። ቀመስኩት። ከዚያማ… በየሳምንቱ።» አንገቱን ደፋ። «የፋብሪካው ነገር ደጄን አይረግጥም ብዬ በሰው ፊት ምዬ፣ ጓዳዬ ድረስ አስገብቼው። ከአማቴ ጋር የተኳረፍኩትም በዚሁ ነው። ‹እንጉዳዩ ውኃውን አድኖታል፤ ውረድና እይ› ሲሉኝ፣ ‹የጌቶችህን አፍ አትናገር› ብዬ አዋረድኳቸው። አሁን ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«እስር ቤት ይሻላል ብለህ?»

«እስር ቤት የሚስቅብኝ የለም።»

ሳጅኗ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሲወጡ ግን ቁም ነገሯን ያዘች። «እሺ፣ ይህ ሰው ያንን ክር አይገድልም። ታዲያ ማነው የገደለው?»

ኢንስፔክተሩ ወደ መኪናው አመራ። ለራሱ አንድ ነገር ያጉረመርም ነበር። «ጎማውን ጠቅልሎ ሰቀለ። መጥረጊያውን አጠበ። የጀሪካኑን ክዳን ገጠመ። ቁልፉም ከሽማግሌው ቀበቶ ሳይለይ…» አንድ እግሩ መኪናው ውስጥ፣ አንዱ መሬት ላይ እንደሆነ ቆመ።

መጋረጃው እንደገና ከፊቱ ተዘረጋ። የአክስቱ ለቅሶ፤ የእናቱ ዝቅ ያለ ድምፅ። እንቅልፍ የወሰደበት ግማሽ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ አሁን በጆሮው ገባ፤ ወይም እሱ ራሱ ሞላው፤ የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም። «ክፉ ሰውማ ይሰብረዋል እንጂ አያጥበውም። ይህን ያጠበልሽ የሚወድሽ ሰው ነው።»

«ወደ ፋብሪካው» አለ።

አንገታቸውን ከደፉት ጠርሙሶች አንዳቸውንም ሳያነሳ፣ የጠርሙስ ማጠቢያ ክፍሉን ኃላፊ ወደ ፓምፕ ቤቱ አስጠራት። ጠጉሯ የሸበተ፣ እጇ በውኃ ብዛት የተሸበሸበ ሴት ናት።

«እናቴ፣ ይህን አደራደር ያውቁታል?»

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች። «የጥንቱ የኛ አደራደር ነው እንጂ። ትከሻ በትከሻ፣ አንገት ወደ ታች፤ ጠብታው ሳይቀር እንዲወርድ። አሁን ማሽኑ ያጥባል፣ ማሽኑ ያደርቃል። ይህን የሚያውቅ እኔና…» ቆመች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔና ጋሼ ፊሽካ ብቻ ነን የቀረነው። ዘበኛ ከመሆናቸው በፊት አብረውኝ ያጥቡ ነበር። ነጭ ነገር አፉ ላይ የታየበት ጠርሙስ ካገኙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።»

እትዬ ሻጋታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ኢንስፔክተሩ ወደ እሷ ዞረ።

«በረኪና ከዚህ ኮምጣጣ ውኃ ጋር ቢገናኝ ምን ይሆናል?»

«የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። እንዲህ ባለ ዝቅ ያለ ቤት ውስጥማ…» ቀሪውን ዋጠችው። ቦዩን አየች፣ ደሙን አየች፣ እፍኝ የምታክለውን መስኮት አየች። «አምላኬ። የመታቸው ሰው የለም።»

«የለም። ከረጢቶቹን አጥበው ሲጨርሱ ዕቃቸውን እዚህ መለሱ፣ ጠርሙሶቹን ደረደሩ፣ የተረፈውን በረኪና ቦዩ ውስጥ ደፉት። ፊሽካውን ቀድመው ኪስ የከተቱት እንዳይረጥብ ነው። ጋዙ ሲያፍናቸው ወደቁ፣ ጠርዙ ፈነከታቸው፣ እየዳሁ ደጁ ላይ ወጡ። ያወጣቸው ፈጣሪ ነው።»

«ግን ለምን?» አለች ሳጅኗ። «የወንዙን ጥቅም ለአማቻቸው የሚሰብኩት እኮ እሳቸው ናቸው።»

«የዋናው በር ሰው ናቸው። የመጨረሻውን ገንዳ ውኃ አይተዋል፤ ከረጢት ተከፍቶ ግን አላዩም። ጃንጥላውን ነው እንጉዳይ የሚሉት። ድምፅ ማጉያው ነጠብጣብ ሻጋታ እንዳይገኝ ሲል ሰሙ። ጓሮው ገብተው ሲያዩ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው።»

እትዬ ሻጋታ ግድግዳውን ተደገፈች። ትሳቅ ወይስ ታልቅስ ለራሷም አልገባትም። «ሻጋታው ሠራተኛዬ መሆኑን ለሁሉም የነገርኩ መስሎኝ ነበር» አለች።

ከቀትር በኋላ ከሆስፒታል ተደወለ። ጋሼ ፊሽካ ዓይናቸውን ገልጠዋል።

ክፍሉ ውስጥ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ተቀምጣለች። ኢንስፔክተሩና እትዬ ሻጋታ ሲገቡ ሽማግሌው ድምፃቸው እንደ ሰጋቱራ ሻክሮ፣ በመጀመሪያ ያሉት ይህን ነው፤

«ፈታኞቹ መጡ? ንጹሕ ነው አሉ?»

እትዬ ሻጋታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ እንደዚያ የጸዳ ቦታ በዕድሜዬ አላየሁም» አለች። ከዚያ ነጩ ክር ምን እንደነበረ በቀስታ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ጣሪያውን አዩ። «ሻጋታ ገለባሽን በልቶ የጨረሰብሽ መስሎኝ» አሉ። «ልጅቷ ነገ በፈታኝ ፊት ልትዋረድ ነው፣ ማንም ሳያይ ላጽዳላት ብዬ… ልብስሽን ላጥብ ብዬ ቆዳሽን ገፈፍኩት።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እሰሩኝ።»

«እኔ ንጹሕ ሰው አላስርም» አለ ኢንስፔክተሩ። «መዝገቡ ተዘግቷል፤ አደጋ ነው። ወንጀልም ወንጀለኛም የለም።»

ልጃቸው ግንባሯን አባቷ እጅ ላይ ደፋች። ትከሻዋ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠው ድንጋይ ሲወርድ ኢንስፔክተሩ አየ። ወደ መስኮቱ ዞሮ በልቡ ተመስገን አለ።

«ወንዙስ?» አሉ ሽማግሌው። «ዘሩ ካለቀ ወንዙን ማን ያጸዳዋል?»

ይኼኔ ሳጅኗ በሩን ከፈተች። ከኋላዋ አትክልተኛው ነበር፤ በሩን ሞልቶት፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ እየጨመቀ። ከአማቱ አልጋ ራቅ ብሎ ቆመ።

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?»

«እስትንፋስ አለ።» ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «አንተ ነህ የመታኸኝ ብለው አሰሩህ አሉ።»

«አሰሩኝ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

አትክልተኛው መሬት መሬቱን አየ። የተናገረችው ሳጅኗ ናት። «ጓዳው ሙሉ እንጉዳይ አለ፣ ጋሼ። የፋብሪካው ክር፣ ሕያው፣ ከጣሪያ እስከ ወለል።»

እትዬ ሻጋታ ብድግ አለች። «ስንት ከረጢት?»

«ገንዳዎቹን ሁሉ አይሞላም» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ለእያንዳንዱ ገንዳ ማስነሻ ይበቃል። ከዚያ እየተከፈለ…»

«ይባዛል» አለች እትዬ ሻጋታ። «የጠፋውን ጠርሙስ ሁሉ ይተካል። አዲስ ገለባ አስጭናለሁ። እስኪይዝ ድረስ ውኃውን ማጠራቀሚያው ውስጥ እናቆየዋለን፤ ሥራ አስኪያጁም መጭመቂያውን ያቀዘቅዘዋል፤ ይችላል። ትሰጠናለህ?»

«እሰጣለሁ። የእናንተው ነው። ዛሬ ሲመሻሽ፣ በኋላ በር፣ በሸራ ሸፍኜ…»

«በቀን» አለች ሚስቱ ቀና ሳትል።

«አንቺ ደግሞ…»

«በቀን። ሰው ገበያ በሚወጣበት ሰዓት፣ በዋናው መንገድ። ስትምል በዋናው መንገድ ላይ ነበርክ።»

አትክልተኛው እርዳታ ፍለጋ ዙሪያውን አየ። «ሸራ እኮ ያስፈልገዋል። ፀሐይ ይጎዳዋል፤ እትዬ ይመስክሩ።»

«እውነት ነው፣ ፀሐይ አይወድም» አለች እትዬ ሻጋታ።

ፊቱ በራ። ሚስቱ ግን አሁን ቀና ብላ አየችው። «እንግዲያው እሱን እርጥብ ጨርቅ አልብሰው። አንተ ግን ፊትህን አትሸፍን።»

ሳጅኗን ሳል ያዛት።

«ይስቁብኛል» አለ አትክልተኛው ለአማቱ። «ያ ሁሉ ጎረቤት።»

«በኔ ከሚስቁት አይበልጥም» አሉ ሽማግሌው። እጃቸው በቀስታ ወደ ደረታቸው ሄደ፤ የሆስፒታል ልብስ ላይ ኪስ ፈልጎ አጣ። ልጃቸው ገብቷት ፊሽካውን ከራስጌው መሳቢያ አውጥታ ሰጠቻቸው። እሳቸው ደግሞ ለአማቻቸው ዘረጉለት። «አንተ ጋሪውን ግፋ። የሚስቅ ካለ ንፋበት።»

ትልቁ ሰውዬ ኮፍያውን ጨመቀው፣ ፈታው፣ እንደገና ጨመቀው። ከዚያ ራቅ ብሎ ከቆመበት ተነስቶ ወደ አልጋው ተጠጋ። አንገቱን ዝቅ አደረገላቸው። ሽማግሌው የፊሽካውን ክር አጠለቁለት።

«እሺ» አለ። «ነገ በቀን፣ በዋናው መንገድ፣ ፊቴን ገልጬ።»